የማይናገር ተማሪ ትምህርት እንደገባው በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጅ ነው፤ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የተነሳ ሰውነትን ማዘዝ የሚያስቸግር ችግር) አለበት። አይናገርም፣ እጁም አይታዘዝለትም። ከየት ልጀምር?

መልስ 1፦ መምህር፣ ይገባዋል ብለው ይጀምሩ። ቢሳሳቱ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ «አይገባውም» ብለው ከተሳሳቱ ግን ትምህርቱን ይነፈጋል። «አዎ» እና «አይ» የተጻፈባቸውን ሁለት ካርዶች በዓይኑ ትይዩ አራርቀው ይያዙ፤ በዓይኑ ይምረጥ። ከጠየቁ በኋላ 10 ሰከንድ ያህል ዝም ይበሉ። ቶሎ ከደገሙበት የጀመረው እንቅስቃሴ ይቋረጥበታል፣ እንደገና «ሀ» ብሎ ይነሳል።

መልስ 2፦ ትክክለኛውን ካርድ አይመልከቱ! ልጁ የእርስዎን ዓይን ይከተላል። ሲጠራጠሩ ካርዶቹን አቀያይረው ይጠይቁ።

መልስ 3፦ እጁን ይዞ ፊደል ማስጠቆም ይቅር፤ የሚወጣው ቃል የያዡ ይሆናል። ልጁ ቃል የሚመርጥበት ሰሌዳ ካለ «አልፈልግም» እና «አልገባኝም» የሚሉት አይቅሩበት። ጥያቄም ለእናቱ ሳይሆን ለራሱ ይቅረብ።