ሆዴ ተከፍቶ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ፤ ሕመሙንና ጠባሳውን ምን ላድርገው?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ሆዴ ተከፍቶ ነው የታከምኩት። አንድ ወር ሊሞላኝ ነው። ስፌቱ ወጥቷል፣ ቁስሉም ገጥሟል ተብያለሁ። ግን ከአልጋ ስነሳና ሳል ሲመጣብኝ ሆዴ የሚቀደድ ይመስለኛል። ማስታገሻ ሱስ ይሆንብኛል ብዬ ካልባሰብኝ አልውጥም። ጠባሳው ደግሞ ቀልቷል፣ ያሳክከኛል፣ ከፍ ከፍም ብሏል። ዙሪያውን ስነካው ይደነዝዛል። እህቴ ጆሮዋን ተበስታ ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ አልፎ የሚያድግ ጠባሳ፣ ወጥቶባታል። የኔም እንደዛ እንዳይሆን ፈራሁ። የምታውቁ ምከሩኝ።

ነርሷ፦
እግዜር ይማርሽ። ከማስታገሻው ልጀምር። ፓራሲታሞል ሱስ አያስይዝም። ሕመሙ ከጠናብሽ በኋላ ስትውጪው ግን ቶሎ አይደርስልሽም። ለጥቂት ቀናት ሰዓት ጠብቀሽ ውሰጂው። ለአዋቂ የተለመደው ባለ 500 ሚሊ ግራም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ጉበትሽ ችግር ካለበት ወይም ክብደትሽ ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ መጠኑ ስለሚቀንስ ሐኪምሽን ጠይቂ። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል አለ፤ ሳታውቂ እንዳትደርቢ። አይቡፕሮፌን ጥሩ ነው፣ ግን የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው አይሆንም።

ሱስ የሚያሰጋው እንደ ትራማዶልና ኮዴን ያሉት ጠንካራ ማስታገሻዎች ላይ ነው። እነሱም ቢሆኑ ሐኪሙ ባዘዘው መጠን ለአጭር ጊዜ ሲወሰዱ ያን ያህል አያስፈሩም። የሚያማርሩት በሆድ ድርቀት ነው። ተሰፍቶ በዳነ ሆድ ማማጥ ደግሞ ጠላትም አይድረስበት። ውሃ በደንብ ጠጪ፣ አትክልትና ፍራፍሬ አብዢ፤ እምቢ ካለ የሚያለሰልስ መድኃኒት ይታዘዝልሻል።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦
አነሳስሽን ቀይሪው፤ ግማሹ ሕመም እዛ ላይ ነው። ጀርባሽ ላይ ተኝተሽ ቀጥ ብለሽ አትነሺ። መጀመሪያ ጉልበቶችሽን እጠፊ። ትከሻሽንና ዳሌሽን አንድ ላይ አድርገሽ ወደ ጎን ተገልበጪ። ከዚያ እግሮችሽን ከአልጋው ጠርዝ አውርጂና በክርንሽና በመዳፍሽ ፍራሹን ተጭነሽ ተነሺ። ሥራውን እጅሽ ይሥራው፣ ሆድሽ ይረፍ። እየተነሳሽ ትንፋሽሽን አስወጪ እንጂ አትያዢው። ሳል ወይም ማስነጠስ ሲመጣብሽ ትራስ ሆድሽ ላይ ጥብቅ አድርገሽ እቀፊ። ሳሉን ግን አፍነሽ አታስቀሪው፤ አክታ ሳንባ ውስጥ ከቀረ ሌላ ጣጣ ነው።

በእግር መሄድ ላይ አትስነፊ፣ ትንሽ ትንሽ እያልሽ ጨምሪ። አንጀትን ያንቀሳቅሳል፣ ደም እግር ላይ እንዳይረጋም ይረዳል። ከባድ ነገር ማንሳቱ ግን ይቆይሽ። ቁስል በ3 ሳምንቱ ከጤነኛ ቆዳ ጥንካሬ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚኖረው። 80 በመቶ አካባቢ የሚደርሰው በ3 ወሩ ነው፣ ከዚያ በላይም ብዙ አይሄድም። ለዚህ ነው ከተከፈተ ሆድ በኋላ ቢያንስ 6 ሳምንት ከባድ አታንሱ የሚባለው።

የሁለት ልጆች እናት፦
አይዞሽ እህቴ። እኔም በኦፕሬሽን ወልጄ ድንዛዜው ረጅም ጊዜ ቆይቶብኛል። እየቆየ ለቀቀኝ፣ አንድ ጥግ ላይ ግን ዛሬም አለ፤ ለምጄዋለሁ። ለጠባሳው የቫይታሚን ኢ ዘይት ቀብቼበት ነበር፣ ሞክሪው።

ነርሷ፦
እናቴ፣ በዘይቱ አልስማማም። ቫይታሚን ኢ ጠባሳ እንደሚያሳምር ማስረጃው ደካማ ነው፤ አንዳንዱን ሰው ሽፍታ ያስወጣበታል። የተሻለ ማስረጃ ያለው ጠባሳው ላይ የሚደረግ ሲሊኮን ነው። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ስለገጠመ አሁን መጀመር ትችያለሽ፣ ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ወር።

ማሸትም ጥሩ ነው። ሽታ የሌለው ቅባት ጣትሽ ላይ አድርገሽ ጠባሳውን ተጫኚ። ቆዳው ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር እንዲንቀሳቀስ በክብ፣ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ግፊው። ላዩን ብቻ ማንሸራተት ዋጋ የለውም። ካመመሽ ወይም ከቀላ ቀለል አድርጊ። ፀሐይ ላይ ሆድሽ የሚጋለጥ ከሆነ ሸፍኚው፤ አዲስ ጠባሳ ቶሎ ይጠቁራል።

የቆዳ ሐኪም፦
ስለ ኬሎይዱ ልጨምር። ከፍ ያለ ጠባሳ ሁሉ ኬሎይድ አይደለም። በተቆረጠበት መስመር ላይ ብቻ ካበጠ፣ ብዙ ጊዜ በጊዜ ብዛት ይሟሽሻል። ኬሎይድ ግን ከመስመሩ አልፎ ወደ ጤነኛው ቆዳ ይገባል፣ በራሱም አይመለስም። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይና በቤተሰብ ካለ ይበዛል፤ ስለዚህ የእህትሽን ጉዳይ ለሐኪምሽ ንገሪው። ከመስመሩ ማለፍ ሲጀምር ካየሽ አትቆዪ። ገና በለጋነቱ ስቴሮይድ የሚባል እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ቢወጋበት የተሻለ ውጤት ይኖረዋል። ቁረጡልኝ ብቻ እንዳትዪ፤ ያለ ሌላ ሕክምና ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ ብሶ ይመለሳል። መቅላቱና ማሳከኩ ግን በዚህ ጊዜ የተለመደ ነው። ጠባሳ እስኪበስል ዓመት፣ ዓመት ተኩልም ይፈጃል።

ጠያቂዋ፦
ኑሩልኝ። አንድ ነገር ረስቼ፦ ከጠባሳው ጎን በጣት ጫፍ የምትሸፈን ቦታ አለች። እሷን ስነካ እንደ መርፌ ነው የምትወጋኝ።

የቆዳ ሐኪም፦
ተኝተሽ በጣትሽ ተጫኛትና ራስሽን ከትራሱ ቀና አድርጊ። ሕመሙ ከባሰ ከሆድ ግድግዳው ሊሆን ይችላል፣ ለምሳሌ ነርቭ ተይዞ። ማደንዘዣ ተወግቶበት የሚሻለው ሰው ብዙ ነው። ለቀዶ ሐኪምሽ ቦታዋን በጣትሽ አሳዪው። ስትስዪ እዛ አካባቢ የሚወጣ እብጠት ካለም ንገሪው፣ ሄርኒያ፣ ማለትም አንጀት በላላ የሆድ ግድግዳ በኩል ሲወጣ፣ እንዳይሆን።

ነርሷ፦
ትኩሳትሽ 38 ካለፈ፣ መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለ፣ ቁስሉ ከተከፈተ፣ ሆድሽ ተነፍቶ ካስመለሰሽና ፈስ እምቢ ካለ፣ አንድ እግርሽ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ቀን ሂጂ።

ጠያቂዋ፦
እሺ። ሲሊኮኑ የሚለጠፍና የሚቀባ አለ አሉኝ። የቱን ልግዛ?

ነርሷ፦
የሚመችሽን። የሚለጠፈው በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት መቆየት አለበት፣ እየታጠበ ደጋግሞ ይሠራል። ሆድሽ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ከሆነና እየተላጠ ካስቸገረሽ የሚቀባውን ያዢ። በስሱ ቀቢው፣ ልብስ ከመልበስሽ በፊትም ይድረቅ።