የዕቅድ ውይይት፦ ለ10ኛና ለ11ኛ ክፍል ሴት ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ስቴት አቀፍ ሽልማት፣ ሚኒሶታ

ሰብሳቢዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ እሑድ ስለሚላክ ያልተስማማንባቸውን እዚሁ እንጨርስ። መነሻችን ይህ ነበር፦ የስቴቱ ምርጥ ሴት የሁለተኛ ደረጃ ተጫዋች የምትሸለምበት ሚስ ባስኬትቦል የሚሰጠው ለ12ኛ ክፍል ብቻ ነው፣ ያውም ወቅቱ ሲያልቅ። በደንብ የምትፈለግ ተጫዋች ደግሞ ኖቬምበር ላይ ለኮሌጇ ፈርማለች። የእኛ ሽልማት የኮሌጅ መልማዮች ገና እያማረጡ ሳለ ይድረስ ብለናል።

ውጤት መዝጋቢው
«የተጫዋችነት ዘመን ጠቅላላ ነጥብ» የሚለው መስፈርት ይሰረዝ። እዚህ ስቴት የ7ኛ ክፍል ልጅ ለዋናው ቡድን መሰለፍ ትችላለች። በ2013 ሚስ ባስኬትቦል የሆነችው የብራሃሟ ሬቤካ ዳልማን 5,060 ነጥብ አስቆጥራለች፤ በአራት ዓመት የሚደረስበት ቁጥር አይደለም። ዘግይታ የጀመረች ልጅ በዚህ ሚዛን ከወዲሁ ተሸንፋለች።

በምትኩ በ36 ደቂቃ እናስላ፤ ጨዋታው ሁለት ጊዜ 18 ደቂቃ ስለሆነ ልክ አንድ ሙሉ ጨዋታ ነው። ነጥቧን ለተጫወተችበት ደቂቃ አካፍሎ በ36 ማባዛት ብቻ ነው። በ20 ደቂቃ 14 ያስቆጠረች 25.2 ይሆንላታል፣ በ34 ደቂቃ 20 ያስቆጠረች 21.2። ጠንካራ ቡድን ውስጥ ያለች ልጅ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው አጋማሽ ሳይጋመስ ትቀመጣለች፤ ተራው አማካይ የሚበድለው እሷን ነው።

አሰልጣኙ
ወንድሜ፣ ስሌቱ ጥሩ ነው፣ ግን ወለል ይኑረው። ለአምስት ደቂቃ ገብታ ሁለት ባለ ሦስት ነጥብ ያስቆጠረች ልጅ በአንተ ስሌት 43.2 ታመጣለች! በጨዋታ በአማካይ ቢያንስ 18 ደቂቃ፣ ከቡድኗ ጨዋታዎች ደግሞ ሦስት አራተኛውን የተሰለፈች ይባል።

አሲስት (ነጥብ ያስገኘ ቅብብል) ላይም ብዙ አትመኩ። አንዱ መዝጋቢ ኳሱን ተቀብላ ሁለቴ አንጥራ ያገባችውንም ለአቀባይዋ ይቆጥራል፣ ሌላው ጭራሽ አይቆጥርም። ሪባውንድም (የሳተ ኳስ ሲመለስ መያዝ) ከዚህ ብዙ አይሻልም። ሁለቱም ለማጣሪያ ይግቡ፣ ደረጃ ግን አይስጡ።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔ የማምነው ቪዲዮውን ነው። ሁለት ሙሉ ጨዋታ፣ ሳይቆራረጥ፤ አንዱ የተሸነፉበት ወይም ከአምስት ነጥብ ባልበለጠ ልዩነት ያለቀ ይሁን። ሃይላይት (ጥሩ ጥሩው ብቻ የተቆራረጠ ቪዲዮ) ላይ ሁሉም ልጅ ኮከብ ናት። ስክሪን (መንገድ ዘግታ የምትቆም ተጋጣሚ) ሲቆምባት ከላይ ነው የምታልፈው ወይስ ከሥር? ሾት ሲወረወር ሰው ትዘጋለች ወይስ ኳሱን አንጋጣ ታያለች? ኳስ ካስነጠቀች በኋላ ተመልሳ ትሮጣለች? ይሄ ሁሉ ተቆርጦ የሚጣለው ክፍል ውስጥ ነው ያለው።

የወላጆች ተወካይ
ድምፅ የሚሰጠውስ ማን ነው? 15 አሰልጣኝ ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል ከሰበሰባችሁ የዱሉዟና የማንካቶዋ ልጅ ከጅምሩ ወጥታለች።

ሰብሳቢዋ
ልክ ነሽ እህቴ። የስቴቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሊግ በትምህርት ቤት መጠን የተለየ አራት ክላስ አለው፣ እያንዳንዱ ክላስ 8 ሴክሽን (የአካባቢ ምድብ)። ከየሴክሽኑ አንድ አሰልጣኝ ብንወስድ 32 ድምፅ ይሆናል። አሥር ዕጩ፣ ከእያንዳንዱ ክላስ ቢያንስ አንዷ። አንደኛ 5 ነጥብ፣ ከዚያ 4፣ 3፣ 2፣ 1። ማንም የራሱን ተጫዋች አይመርጥም።

ውጤት መዝጋቢው
እዚያ ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። አሰልጣኟ ከድምፅ ሰጪዎቹ አንዱ የሆነላት ልጅ 31 ሰው ነው የሚመርጣት፣ ሌላዋን 32። ድምሩ ሳይሆን ነጥቡ ሊመርጧት ለሚችሉት ሰዎች ብዛት ተካፍሎ ይወዳደር። እኩል ከሆኑ ብዙ አንደኛ ያገኘችው ትቅደም። ደግሞ ድምፁ በስም ይታተም። ካልታተመ የተቀናቃኙን ልጅ ሆን ብሎ ከወረቀቱ የሚያስቀር አይጠፋም።

ጋሽ፣ የቦርድ አባል
ልጆቼ፣ ገንዘቡ የማኅበሩ ነው። ለሐበሻ ልጆች ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት?

ሰብሳቢዋ
ጋሼ፣ እንደዚያ ካደረግነው 32 አሰልጣኝ አይመርጥልንም፤ ስቴት አቀፍ ማለታችንም ይቀራል። ለማኅበሩ ልጆች የትምህርት ድጋፉ ለብቻው አለ፣ ባይደባለቅ ይሻላል።

ጋሽ፣ የቦርድ አባል
ካላችሁ ይሁን። የወላጅ ፈቃድ ቅጹ ግን በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም ይዘጋጅ። ያልገባውን ወረቀት የሚፈርም ወላጅ ብዙ ነው። ስም፣ ትምህርት ቤት፣ ክፍልና ፎቶ ይበቃል፤ ስልክም የፈተና ውጤትም አይጠየቅ።

ገንዘብ ያዧ
ረቂቁ ላይ ያለው የ500 ዶላር ስጦታ ይውጣ። ጥሬ ገንዘብ የልጅቷን አማተርነት ጥያቄ ውስጥ ይከታል፣ እኛ አክብረናት ወቅቷን ልናሳጣት እንችላለን። ጊፍት ካርድም ያው ገንዘብ ነው። ለአንደኛዋ ዋንጫ፣ ለዘጠኙ ፕላክ። ከማዘዛችን በፊት የዕቃውን ዓይነትና ዋጋ ለሊጉ ልከን መልሱን በጽሑፍ እንቀበል። ስሞቹ ወደ ቀራጩ ከመሄዳቸው በፊትም ወላጅ አይቶ ያጽድቅ፤ የእኛ ልጆች ስም በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት ሆኖ እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ።

አሰልጣኙ
ጊዜውን አትርሱ። ጥቆማ ጃንዋሪ መጨረሻ ይከፈት፣ ድምፅ የሴክሽን ውድድር ሳይጀመር ፌብሯሪ ላይ ይዘጋ። ከየክላሱ ወደ ስቴት ውድድር የሚያልፈው ስምንት ቡድን ብቻ ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሚመርጥ ሰው በቅርብ ያየውን ነው የሚመርጠው። ፍጻሜውን መጠበቅም አያስተማምንም፤ በ2020 በኮቪድ ምክንያት የሆፕኪንስና የፋርሚንግተን ፍጻሜ ጨርሶ አልተካሄደም። የአሸናፊዋ ስም ግን ከስቴት ውድድር በኋላ ይነገር።

የወላጆች ተወካይ
ግብዣው ኤፕሪል ከገባ የክለብ ውድድር ቅዳሜና እሑዱን ሁሉ ይወስደዋል። ማርች መጨረሻ፣ በሥራ ቀን ማታ ይሁን። ዐቢይ ጾም ስለሆነ በየዓይነቱ ይዘዝ፣ ለእንግዶች ዶሮ ለብቻው።

ሰብሳቢዋ
ተስማማሁ። ቅጹን መዝጋቢያችን እስከ ዓርብ ያውጣልን፣ ለሊጉ የሚላከውን ደብዳቤ ገንዘብ ያዣችን ይዛዋለች። ከሰሜን ሴክሽኖች አሰልጣኝ የምታውቁ በውስጥ መስመር ንገሩኝ፤ የጎደለው እሱ ብቻ ነው።