«በአቦ!»፣ «አቦን!»፣ «አቦ!»፦ ሦስቱም አንድ አቦ ናቸው?

ፊደል ቆጣሪ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ቢሮ ውስጥ የተነሣ ክርክር ይዤ መጥቻለሁ። አንዷ ባልደረባችን «አቦ አትነዝንዙኝ!» ስትል ሌላዋ «የጻድቁን ስም በከንቱ አትጥሪ» ብላ ተቆጣቻት። ይህ «አቦ» የዝቋላው አቦ ነው ወይስ ሌላ? «ኧረ በአቦ» ስንልስ የምንለምነው በማን ነው?

የቅኔ ቤት ተማሪ፦
ከባለ ስሙ ልጀምር፣ ቃሉ ያለ እሳቸው አይፈታምና። አቦ የምንላቸው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው። ገድላቸው እንደሚተርከው ግብፅ ውስጥ ንሂሳ በሚባል ስፍራ ከስምዖንና ከአቅሌስያ በታኅሣሥ 29 ተወለዱ። የእናት ጡት አልጠቡም፣ እህል አልቀመሱም፣ ውሃ አልጠጡም። ልብሳቸው የገዛ ጠጉራቸው ነበር። ዕድሜያቸው 562 ዓመት ሲሆን 300ውን በግብፅ፣ 262ቱን በኢትዮጵያ አሳለፉ። አብረዋቸው የሚዞሩት 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ናቸው፤ ሠዓሊ ግን ቦታ ስለማይበቃው ጥቂቱን ብቻ በግራና በቀኝ ያስቀምጣል። በሥዕሉ ላይ ከዓይናቸው የምትጠጣው ወፍ ደግሞ በውሃ ጥም የተቃጠለችና በእንባቸው ያረኳት ናት።

ለጥያቄሽ የሚጠቅመው ግን የዝቋላው ታሪክ ነው። በተራራው አናት ባለው ሐይቅ ውስጥ ራሳቸውን ቁልቁል ዘቅዝቀው 100 ዓመት ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ ምሕረት ለመኑ ይባላል። ስለ ሌላው የለመነን ሰው ስም ጠርቶ መለመን ከዚህ ይመጣል። «በአቦ!» የሚለው ሰው የሚጠራው ይህን ምልጃ ነው።

አሁን ወደ ሰዋስው። በአማርኛ የቅዱሳን ስም «ን» ሲከተለው መሐላ ይሆናል፦ ማርያምን፣ ሚካኤልን፣ አቦን። «በ» ሲቀድመው ልመና ነው፦ በማርያም ተወኝ፣ በአቦ ይዤሃለሁ። ባልደረባሽ ግን አልማለችም፣ አልለመነችምም። በእኔ ግምት ባዶውን «አቦ!» ከጻድቁ ጋር ማገናኘት ይከብዳል።

የድሬ ልጅ፦
አቦ ምን ያከራክራል! እኛ ድሬዳዋ ሰው ተጠርቶ፣ ተቆጥቶ፣ ተመርቆ የሚያልቀው በዚሁ ቃል ነው። «አቦ ና!»፣ «አቦ ተወና!»፣ «አቦ ይመችህ!»። የሚለውም ክርስቲያኑ ብቻ አይደለም፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከእኛ ይብሳሉ። እነሱ የክርስቲያን ጻድቅ እየጠሩ ነው? አይመስለኝም። ኦሮምኛው «አባ» አባት ነው፤ ሰፈር ውስጥ ወንድ ለወንድ ሲጣራ «አቦ» ይላል። ከዚያ አማርኛችን ገባና ሐረርንም ድሬንም ሞላ፤ በአራዳ አፍ ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ።

ወለተ ቀለም፦
ወንድሜ የድሬ ልጅ፣ ግማሹን እቀበልሃለሁ። ግን የቅኔ ቤቱ ወንድማችን «ን» ወይም «በ» ከሌለ ጻድቁ አይደሉም ማለታቸው አልጣመኝም። ምጥ ላይ ያለች ሴት አጠገብ ያሉት ሁሉ «ማርያም! ማርያም!» ይላሉ። «ን» የለ፣ «በ» የለ፤ ግን ጥሪው ለማን እንደሆነ ማንም አይስተውም። አያቴም ሰሐን ከእጇ ሲወድቅ «አቦ!» ትል ነበር፤ እሷ ድሬዳዋን አይታ አታውቅም።

የቅኔ ቤት ተማሪ፦
እህቴ ወለተ ቀለም፣ ተቀብያለሁ፤ መለያውን ላሻሽለው። የድንጋጤና የጭንቅ «አቦ!» ጥሪ ነው፣ ወደ ጻድቁ ይሄዳል። የምሬትና የምርቃት «አቦ» ግን ወደ ሰሚው ነው የሚዞረው፤ «አንተ ሰውዬ» ብለህ ብትተካው ዐረፍተ ነገሩ አይፈርስም። «አንተ ሰውዬ፣ ይመችህ» ይሄዳል። የአያትሽ ሰሐን ላይ ግን አይሠራም።

ሥሩማ ያው አባትነት ነው። ግእዙ «አብ»፣ ትግርኛው «ኣቦ»፣ ኦሮምኛው «አባ»። በግእዝ ለመጥራት መጨረሻ ላይ «ኦ» ይጨመራል፦ እግዚእ «እግዚኦ»፣ ብእሲት «ብእሲቶ»። «አቦ» በዚሁ መንገድ «አባት ሆይ» ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አለኝ። «አቡነ» በአፍ አጥሮ ነው የሚሉም አሉ፤ እኔ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ።

የዕቁብ ጸሐፊ፦
የሁላችሁም ጥልቅ ነው፣ እኔ ግን በየወሩ የማገኘውን አቦ ረሳችሁት። «ለአቦ እከፍላለሁ» ያለኝ ሰው ወሩ በገባ በ5 ቀን ነው የሚከፍለኝ። ልደታ 1፣ አቦ 5፣ ሥላሴ 7፣ ሚካኤል 12፤ የቀን መቁጠሪያ የሌለው ቤት እንኳ በዚህ ይቆጥራል። እዚህ ጋ «አቦ» ሰውም ጥሪም አይደለም፣ ቀን ነው። «ሳሪስ አቦ! ሳሪስ አቦ!» እያለ የሚጮኸው የታክሲ ረዳት ደግሞ የሚጠራው ሰፈር ነው፤ ስሙ ከቤተ ክርስቲያኑ የተወሰደ።

ዓመታዊው «አቦ» ግን ሁለት ስለሆነ ተጠንቀቁ። ዕረፍታቸው መጋቢት 5 ነው፤ ቀኑ ምንጊዜም ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ደማቁ በዓል ጥቅምት 5 ይከበራል። «ለዓመቱ አቦ» ብሎ ብር የተበደረኝ አንድ ዕቁብተኛ በሁለቱ መካከል አምስት ወር ሊያተርፍብኝ ሞክሯል!

የድሬ ልጅ፦
አቦ ይሄ ሰውዬ ብልጥ ነው! ዝቋላ በሁለቱም ጊዜ ይሞላል አይደል?

የዕቁብ ጸሐፊ፦
ይሞላል። ከቢሾፍቱ ወደ ደቡብ ነው፤ ተራራው 2,989 ሜትር ይደርሳል፣ ሐይቁም ገዳሙም አናቱ ላይ ናቸው። ኦሮምኛ ተናጋሪውም ተራራውን «ጩቃላ» ብሎ ያከብረዋል፣ በበዓሉም ይወጣል። እዚያ መንገድ ላይ «አቦ» ሲባል ብትሰማ የአንተኛው ይሁን የጻድቁ ለመለየት ትቸገራለህ።

ፊደል ቆጣሪ፦
አመሰግናለሁ። አንድ ትርፍ ጥያቄ፦ «አቦሸማኔ»ስ? ከአራዊቱ ጋር ስለሚኖሩ ይሆን?

ወለተ ቀለም፦
ፈታኝ ነው፣ ግን አይሄድም። ገድሉም ሥዕሉም የሚያውቁት አንበሳና ነብርን ነው፤ አቦሸማኔ አንድም ቦታ የለም። ስሙ ስለገጠመ ብቻ ዘመድ አናድርጋቸው።

ከዚያ ይልቅ «አቡዬ»ን ተመልከቺ። «አቡዬ ይመችህ» የሚል አራዳ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? «አቡዬ አትነዝንዙኝ» የሚልስ? «አቡዬ» የጻድቁ ብቻ ነው። ታማሚ ጠበል ቤት ሲጠራቸው፣ ተሳላሚ ደጃፋቸውን ሲስም፣ ነዳያን በየወሩ በ5 ሲለምኑ አፋቸው ላይ ያለው እሱ ነው።