ለድራጎኖች ቋንቋ መፍጠር ፈልጌ ነበር፤ ከየት ልጀምር?

ጀማሪ ደራሲ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአማርኛ የምናብ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ዓለሙ የፈጠራ ነው፤ ድራጎኖች ይኖሩበታል። ከሰው ጋር በሰው ቋንቋ ያወራሉ፤ እርስ በርሳቸው ሲሆኑ ግን የራሳቸው ልሳን አላቸው። እስካሁን የሞከርኩት «ዙምባራክ»፣ «ቦልፉር» የመሳሰለ ነገር ነው። ለጓደኛዬ ሳነብላት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «የመድኃኒት ስም ነው የሚመስለው» አለችኝ።

ሙሉ ቋንቋ አልፈልግም። መጽሐፉ ውስጥ የሚገባው ቢበዛ ሠላሳ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን አንባቢው «ይሄንን የሚናገር ፍጡር አለ» ብሎ እንዲያምን እፈልጋለሁ። በፊደላችን ስጽፈው የሚያስቸግር ነገር ካለም ንገሩኝ።

አርባምንጬ

ወንድሜ፣ ቃል ከመፍጠርህ በፊት አፉን ፍጠር። ድራጎንህ ከንፈር አለው?

እኛ ጋ ጫሞ ሐይቅ ላይ «አዞ ገበያ» የሚባል ቦታ አለ። በጀልባ ጠጋ ብለህ ስታይ አዞው አፉን ገጥሞ እንኳ ጥርሱ ውጭ ነው። የሚገጥም ከንፈር የለውም። ድራጎንህም እንደዚያ ከሆነ መ፣ በ፣ ፈ፣ ፐ፣ ጰ፣ ወ፣ ቨ በሙሉ ይቀራሉ። እነዚህ ያለ ከንፈር አይወጡም። በዚህ ብቻ «ዙምባራክ»ም «ቦልፉር»ም ተሰናበቱ።

አናባቢውንም እይ። «ኡ» እና «ኦ» ስትል ከንፈርህ ይሾላል። ስለዚህ ካዕብና ሳብዕ ይውጡ። ቋ፣ ጓ፣ ኳም እንደዚሁ። የቀረው ግዕዝ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳድስ ነው። በቂህ ነው። እንዲያውም ቋንቋው የራሱ ቃና የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ምላሱንም እንዳትረሳ። የአዞ ምላስ ከታችኛው መንጋጋ ጋር የተጣበቀ ነው፤ አውጥቶ ሊያሳይህ አይችልም። የአንተው የእንሽላሊት ምላስ ይኑረው፤ ያለዚያ «ር» እና «ል»ም ይሄዱብሃል።

በቀቀን

ቆይ ቆይ። በቀቀን ከንፈር አለው እንዴ? «ፓፓ» ሲል ግን ትሰማዋለህ። ወፎች ድምፅ የሚያወጡት የአየር ቧንቧቸው ወደ ሁለት ሳንባ በሚከፈልበት ቦታ ላይ ባለ አካል ነው። ድራጎንም ክንፍ ካለው የወፍ ጉሮሮ ቢኖረው ማን ይከለክለዋል?

አርባምንጬ

ማንም። ግን በቀቀን የሚያስመስለው የኛን ድምፅ ነው። እርስ በርሳቸው ሲሆኑ በራሳቸው ጩኸት ነው የሚግባቡት። ድራጎኑ ሰው ሲያናግር እንደ በቀቀን «በ» ይበል፤ የእናቱን ቋንቋ ሲናገር ግን ለምን ይቸገራል? ደግሞ ያለ ም፣ ያለ ብ፣ ያለ ፕ ቋንቋ አይኖርም እንዳትሉኝ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሚነገረው ሞሐውክ ከውጭ ከመጡ ቃላት በቀር እነዚህን ድምፆች አያውቃቸውም። ተናጋሪዎቹ ደግሞ ከንፈር አላቸው።

ጋሼ ፊደል

ልጆች፣ እሳቱን ረሳችሁት።

እጃችሁን ከአፋችሁ ፊት አድርጉና «ክ» በሉ። ትንፋሽ መዳፋችሁን ይነካዋል። አሁን «ቅ» በሉ። ትንፋሹ የለም ማለት ይቻላል። «ቅ» ስንል ጉሮሮ ይዘጋል፤ ድምፁ የሚወጣው ከጉሮሮ በላይ በታፈነችው ጥቂት አየር ነው። የሳንባ አየር አልገባበትም። «ጥ»፣ «ጭ»፣ «ጽ»ም እንደዚሁ ናቸው።

እንግዲህ ዘንዶው እሳቱን ደረቱ ውስጥ ይዞ፣ ጉሮሮውን ዘግቶ ሊተፋ ሲዘጋጅ አስቡት። አናባቢ ማውጣት አይችልም፤ አናባቢ የሳንባ አየር ይፈልጋል። ቅ፣ ጥ፣ ጭ፣ ጽ ግን ይወጡለታል። ስለዚህ የጦርነት ቋንቋቸው እነዚህ አራት ድምፆች ብቻ ናቸው፤ «ቅ-ጥ-ቅ» እንጂ «ቀጣ» አይባልም። ሲጨዋወቱ ቆይተው ከመካከላቸው የአንዱ አናባቢ በድንገት ሲጠፋ፣ ሌሎቹ እሳት እንደያዘ ያውቃሉ። ሰውም ያውቃል፤ ሩጫው ከዚያ በኋላ ነው።

የእንግሊዝኛ ደራሲ ይህን ለአንባቢው ለማስረዳት ገጽ ይፈጅበታል። የአማርኛ አንባቢ ግን ድምፆቹ አፉ ውስጥ አሉ።

ጀማሪ ደራሲ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ይሄማ አንድ ምዕራፍ ነው የሰጡኝ። አሁኑኑ ልጽፈው ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ የጌም ሰው ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ስካይሪም ላይ ድራጎኖቹ የራሳቸው ቋንቋና ፊደል አላቸው። ፊደሉ በጥፍር የተቧጨረ ነው የሚመስለው፤ ድንጋይ ላይ በጥፍር ነዋ የሚጽፉት። ቃላቱን እንዳትወስድ፣ ወዲያው ይነቃብሃል። ሐሳቡ ግን ጥሩ ነው፦ ጽሕፈቱም ከአካሉ ይምጣ።

ሌላው፣ ሰዋስውህን ጠብቅ። ብዙ ሰው ቃሉን ይቀይርና ዓረፍተ ነገሩ አማርኛ ሆኖ ይቀራል፤ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ግሥ መጨረሻ። ለፊልም ክሊንጎን የሚባለውን ቋንቋ ያዘጋጀው የቋንቋ ሊቅ ማርክ ኦክራንድ ሆን ብሎ ተሳቢውን አስቀድሞ፣ ግሡን መሀል አድርጎ፣ ባለቤቱን መጨረሻ ላይ አስቀመጠው። በሰው ቋንቋዎች ውስጥ እምብዛም የማይገኝ ቅደም ተከተል ስለሆነ ነው። አንተም ባለቤቱን መጨረሻ ላይ ብታመጣው አንባቢው ማን እንደሆነ ለማወቅ ይጠብቃል፤ ያ ጥበቃ ራሱ ልብ ይሰቅላል።

ኤዲተሯ

ቅደም ተከተሉ ጥሩ ነው፤ ለሠላሳ ዓረፍተ ነገር ግን አንድ የሚታወስ የሰዋስው ነገር ይበቃሃል። የኔ ምርጫ ይሄ ነው፦ ተናጋሪው ነገሩን በምን እንዳወቀ ግሡ ላይ ይታይ። አንዲስ ተራሮች አካባቢ የሚነገረው ኬችዋ «ራሴ አውቃለሁ» እና «ሲባል ሰማሁ» የሚለውን በምዕላድ ይለያል። ድራጎን ደግሞ ከሰው የሚበልጥበት አፍንጫ አለውና አንድ ጨምርለት። በአርባምንጬ ድምፆች ልሞክር፦

«ጻን» ሰው ይሁን፣ «ቃር» መጣ።
ጻን ቃርኔ፦ ሰው መጥቷል፣ አይቼዋለሁ።
ጻን ቃርሼ፦ ሰው መጥቷል ሲሉ ሰምቻለሁ።
ጻን ቃርዜ፦ ሰው መጥቷል፣ ሸትቶኛል።

አሁን ጀግናህን ዋሻ ውስጥ ደብቀው። ድራጎኑ ይገባል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ «ጻን ቃርዜ» ይላል። ቀደም ብለህ አንድ ሁለቴ ካስለመድከው አንባቢው ያለ ትርጉም ይደነግጣል። ጻን ማለት ምን እንደሆነ በቅንፍ የምታስረዳ ከሆነ ግን ነገሩ ሞተ።

ስለ ፊደሉ ለጠየቅከው፣ ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሳድስ አንዳንዴ ይነበባል፣ አንዳንዴ ይዋጣል። «ጥርቅ»ን አምስት ሰው አስነብብ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አያነበውም። ስለዚህ ከጋሼ የጦር ቋንቋ በቀር ሳድስ አታብዛ፤ እሱንም እንዳደረጉት በሰረዝ ለያየው። ሁለተኛ፣ ፊደላችን መጥበቅና መላላት አያሳይም። «አለ» ተናገረም ነው፣ ኖረም ነው፤ በአማርኛ ዐውዱ ይነግረናል። የድራጎን ቃል ላይ ዐውድ የለም። በመጥበቅና በመላላት ብቻ የሚለያዩ ሁለት ቃላት አትፍጠር። ሐ፣ ኀ እና ሀ-ም ሦስት ድምፅ ናቸው ብለህ አትመን፤ አንባቢህ ሁሉንም አንድ ያደርጋቸዋል።

ጀማሪ ደራሲ

«ቃርዜ» ወሰድኩት፣ ከፈቀድሽልኝ እህቴ። ባለቤቱን መጨረሻ ለማድረግ ግን አሰብኩ፤ «ቃርዜ ጻን» ልበል? መጀመሪያ «መጥቷል፣ ሸትቶኛል» ይላል፣ ከዚያ ትንሽ ቆም፣ ከዚያ «ሰው»።

ኤዲተሯ

ውሰደው፣ ያንተ ነው። ቅደም ተከተሉም እንዲያውም ይሻላል። ቆም የሚለውን በሦስት ነጥብ አታሳየው፤ በመካከል አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባ። ጅራቱ ድንጋዩን ሲነካ፣ ምናምን።

በቀቀን

ጉንፋን የያዘው ድራጎንስ? በማሽተት ስላላወቀ «-ዜ» ቢል ውሸታም ሊባል ነው። አንዱ አርጅቶ ማሽተት አቅቶት ግን ላለመዋረድ «-ዜ» እያለ የሚቀጥል ድራጎን አስገባ።

ጀማሪ ደራሲ

ኧረ በቀቀን! የመንጋው አለቃ እሱ ነው የሚሆነው።