ቤቱን የሰጡን እናታችን ዋስ ጥሩ ሊባሉ ይችላሉ?

ጠያቂዋ፦
እናታችን 71 ዓመታቸው ነው። ባለፈው ዓመት ቤታቸውን ለወንድሜና ለእኔ በስጦታ ውል አስተላለፉልን፤ የአላባ መብቱን፣ ማለትም በቤቱ የመኖርና ኪራዩን የመውሰድ መብቱን፣ ግን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ለራሳቸው አስቀሩ። ይኖሩበታል፤ የኋላውን ክፍል ያከራያሉ። አሁን ወንድሜ «ባለ አላባ ዋስ መጥራት አለበት» ብሎ ተነሥቷል። ቤት ለሰጡን እናት ዋስ ያምጡ ማለት አሳፈረኝ። እውነት ሕግ እንዲህ ይላል?

ጡረተኛው ጠበቃ፦
ልጄ፣ ወንድምሽ ደንቡን አንብቦ ልዩ ሁኔታውን ዘሎታል። ባለ አላባ በሌላ ሰው ንብረት ስለሚጠቀም ዋስ ይጠየቃል፤ ከሮማውያን ጀምሮ የነበረ ነው። ንብረቱን ሰጥቶ አላባውን ለራሱ ያስቀረ ሰው ግን ነጻ ነው። የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 601፣ የፊሊፒንስም በአንቀጽ 584 እንዲህ ይላሉ። ሁሉንም ይዞ መቀመጥ ሲችል ቆርሶ የሰጠን ሰው፣ ተቀባዩ «አላምንዎትም» ሊለው ነው? የትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛችሁ ግን አልነገርሽንም፤ የራሳችሁን አንቀጽ እዩ። አባታችሁ በኑዛዜ ቤቱን ለእናንተ፣ አላባውን ለእሳቸው ትተው ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ በሆነ ነበር፤ ኑዛዜው ራሱ ከዋስ ነጻ ካላደረጋቸው በቀር።

የእንጀራ ልጅ፦
ወላጅ ሁሉ ሁልጊዜ ነጻ እንዳይመስላችሁ። ከእናቴ የወረስኩትን አባቴ በአላባ ይዘውት ነበር፤ ወላጅ ናቸውና ዋስ የጠየቃቸው አልነበረም። ሁለተኛ ሲያገቡ የእናቴ የልብስ ስፌት መኪና ሳይቀር የት እንደገባ አላየሁም። የፊሊፒንሱ ሕግ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል፤ ወላጅ ዳግመኛ ካገባ ነጻነቱ ይቀራል።

ጡረተኛው ጠበቃ፦
ልክ ነህ። አንተን የጎዳህ ደግሞ ዝርዝር አለመኖሩ ነው። ከዋስ ነጻ መሆን ከንብረት ቆጠራ ነጻ አያደርግም፤ በፈረንሳይ ሕግ የቤቱ ይዞታና የዕቃው ዝርዝር በጽሑፍ ይሰፍራል። ወንድምሽ ከሠጋ ይህንን ይጠይቅ። ቤቱን የሚያበላሽ ባለ አላባ መብቱን በፍርድ ሊያጣ ይችላልና ዝርዝሩ ማስረጃው ነው። በዚያው ሕግ ዕለታዊ ጥገና የባለ አላባው፣ እንደ ጣሪያ መለወጥ ያለው ከባዱ የባለቤቱ ነው።

ጠያቂዋ፦
መልሱን ለሁለቱም አነበብኩላቸው። ወንድሜ ዝም አለ። እናቴ ግን ወዲያው ወረቀት አስመጥተው «በሉ፣ ከሚያፈሰው ጣሪያ ጀምራችሁ ጻፉ» አሉን።