ማይኤስኪውኤል 8.0ን በሴንትኦኤስ 7 ላይ ኮምፓይል ለማድረግ ነባሩን የጂሲሲ ኮምፓይለር መተካት አለብኝ?

ጥያቄ (ከገላን)
ሰላም ለሁላችሁ። ገላን በሚገኝ አንድ የዕቃ ማከማቻ ድርጅት ውስጥ የዳታቤዝ ባለሙያ ነኝ። ሰርቨሮቻችን አሁንም በሴንትኦኤስ 7 ሊኑክስ ይሠራሉ። ከእኔ በፊት የነበሩት ባለሙያዎች የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር የሚያሰላ ፋንክሽን በማይኤስኪውኤል 5.7 ምንጭ ኮድ ውስጥ ስለጨመሩ፣ ዝግጁውን ፓኬጅ ትተን ራሳችን ኮምፓይል ስናደርግ (ምንጭ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ስንለውጥ) ቆይተናል። ወደ 8.0 ለመሻገር ስሞክር ግን ሲሜክ (ኮምፓይል ማድረጉን የሚያዘጋጀው መሣሪያ) ከሲስተሙ ጋር የመጣው ጂሲሲ 4.8.5 አይበቃም ብሎ ይቆማል። አዲስ ጂሲሲ በነባሩ ቦታ ብተካ ሌሎች ፕሮግራሞች እንዳይበላሹ ሠጋሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (ከለገጣፎ)
ሥጋትዎ ተገቢ ነው፤ ነባሩን አይንኩት። 8.0 ሲ ፕላስ ፕላስ 17 የተባለውን የቋንቋ ደረጃ ስለሚጠይቅ 4.8.5 ፈጽሞ አይችለውም። የሚያስፈልግዎ ዴቭቱልሴት 11 የተባለው የአዳዲስ ኮምፓይለር መሣሪያዎች ጥቅል ነው፤ ጂሲሲ 11ን «ኦፕት» በሚባለው ማውጫ ሥር ለብቻው ስለሚያስቀምጠው፣ ባስነሱበት ተርሚናል ውስጥ ብቻ ይሠራል፣ የቀረው ሲስተም በ4.8.5 ይቀጥላል። የሴንትኦኤስ 7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024 ስላበቃ የፓኬጆቹ መደበኛ አድራሻ አይመልስም፤ በዩም (የፓኬጅ መጫኛው) ፋይሎች ውስጥ ያለውን አድራሻ ወደ ቮልት (የድሮ ፓኬጆች ማኅደር) ይቀይሩት።

ኮምፓይል የሚያደርጉትም በአዲስ ባዶ ማውጫ ይሁን። ሲሜክ መጀመሪያ ያገኘውን ኮምፓይለር በካሽ ፋይሉ ስለሚመዘግብ፣ በድሮው ማውጫ ቢደግሙት ዴቭቱልሴት ተጭኖም ቢሆን ያንኑ 4.8.5 ይጠራል።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ላፕቶፔ ኡቡንቱ 22.04 ሲሆን ጂሲሲ 11 አብሮት መጥቷል። እዚያ ሠርቼ ውጤቱን ወደ ሰርቨሩ ባዛውረው አይቀልም?

መልስ (ከቱሉ ዲምቱ)
ይቀል ነበር፣ ግን ሰርቨሩ ላይ አይነሳም። እንቅፋቱ ጂሊብሲ (ፕሮግራሞች ሁሉ የሚደገፉበት የሲስተሙ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ) ነው፤ ሴንትኦኤስ 7 ያለው 2.17 ሲሆን የእርስዎ ኡቡንቱ 2.35 ነው። በድሮው የተሠራ በአዲሱ ላይ ይሄዳል፣ በአዲሱ የተሠራ ግን በድሮው ላይ አይሄድም። ዴቭቱልሴትን የምወድለትም ለዚህ ነው፦ በሲስተሙ የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ ውስጥ የሌለውን አዲስ ክፍል ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ስለሚያያይዘው፣ ሥራ ላይ ባሉት ሰርቨሮች ዴቭቱልሴት መጫን አያስፈልግም።

በላፕቶፑ መሥራት ከፈለጉ የሴንትኦኤስ 7 ኮንቴይነር (ከላፕቶፑ ሲስተም ተለይቶ የሚሠራ የሴንትኦኤስ አካባቢ) በፖድማን ወይም በዶከር አስነስተው ዴቭቱልሴትን እዚያ ውስጥ ይጫኑ። ጎን ለጎን የሚሄዱትን ሥራዎች ብዛት ግን በፕሮሰሰሩ ኮር ሳይሆን በራሙ መጠን ይወስኑ። ራም ሲያልቅ ከርነሉ ኮምፓይለሩን መሀል ላይ ይገድለዋል፤ የሚታየው መልእክት የኮምፓይለሩ የውስጥ ስሕተት ስለሚመስል ሰው ጥፋቱን ኮዱ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል።

መልስ (ከሰበታ)
የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ለአንድ የቀን ማስያ ሲባል ዳታቤዙን በሙሉ ኮምፓይል ማድረግ አይታየኝም። ፋንክሽኑን ከምንጭ ኮዱ ነጥለው በማይኤስኪውኤል ሄደር ፋይሎች ራሱን የቻለ ላይብረሪ ቢያደርጉት፣ ውጤቱን በፕለጊን ማውጫ አስቀምጠው በአንድ የኤስኪውኤል ትእዛዝ ያስመዘግቡታል፤ ዳታቤዙን ደግሞ ከዝግጁው ፓኬጅ ይጭናሉ። የ8.0 ድጋፍ ማብቂያ ኤፕሪል 2026 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ወደ 8.4 ሲሄዱ ያንኑ ትንሽ ፋይል ብቻ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ይቀልዎታል።

ጠያቂው
ኮዱን አየሁት፤ ከሰርቨሩ ውስጣዊ ክፍል ጋር ያልተጠላለፈ ስለሆነ ነጥሎ ማውጣት ይቻላል። በኮንቴይነሩ ውስጥ ፋንክሽኑን ብቻ ኮምፓይል አድርጌ በመሞከሪያው ሰርቨር ላይ አየዋለሁ።

መልስ (ከሰበታ)
መልካም። 8.0 የዳታ ማውጫውን አንዴ ካሻሻለው በኋላ 5.7 ሊከፍተው ስለማይችል፣ ዋናውን ሰርቨር ከመንካትዎ በፊት ሙሉ ባካፕ ይውሰዱና በሌላ ማሽን ላይ መልሰው በመጫን ያረጋግጡት።