የመግቢያ ክፍያው የማን ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በማኅበር የሚተዳደር ጫካ ነው፤ ከመግቢያ፣ ከአስጎብኚነትና ከማደሪያ ገቢ ይገኛል። ግማሹ አባል «እኩል እንካፈል» ይላል፣ ግማሹ «ለሠራ ብቻ»። እነሱ ሲከራከሩ ጫካው እየሳሳ ነው። ደንቡ ላይ ምን ይጻፍ?

መልስ 1፦
ሁለቱን ገንዘብ አትቀላቅሉት። አስጎብኚውና ጓዝ ጫኙ የሚያገኙት የጉልበት ዋጋ ነው፤ በዕለቱ ይከፈላቸው። መግቢያው ግን የጫካው ዋጋ ስለሆነ የሁሉም ነው። በአንድ ደረሰኝ ሲቆረጡ ጠቡ አይበርድም። የአስጎብኚ ተራ ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ቋንቋ የሚችሉ ሁለት ልጆች የሌላውን ተራ ሲበሉ ማኅበር ይፈርሳል። ከመግቢያው መጀመሪያ የጥበቃና የመንገድ ጥገና ወጪ ይነሳ፣ ቀጥሎ መጠባበቂያ፤ የተረፈው ለጋራ ሥራ ይዋል። ለየቤቱ ቢበተን እጅ ላይ የሚደርሰው ኢምንት ነው።

መልስ 2፦
ልክ ነው፣ ግን የተጎዳው ተረሳ። እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች፣ ከብት የሚያሰማሩ፣ ማሳቸው ጫካው ዳር ሆኖ ዝንጀሮ የሚያወድምባቸው፦ እነዚህ ስብሰባ ላይ ዝም ይላሉ፣ ሲመሽ መጥረቢያ ይዘው ይገባሉ። ጨርሶ ከመከልከል ደረቅ እንጨት በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው ክልል፣ ስንት ሸክም እንደሚለቀም ይወሰን። ለማሳ ዘበኛ ከመግቢያው ይመደብ። ናሚቢያ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ማኅበረሰቡ በዱር እንስሳቱ እንዲጠቀም የፈቀደችው የአባላት መዝገብ፣ የታወቀ ወሰን፣ ደንብና የጥቅም ክፍፍል አሠራር ሲኖር ነው። ሩዋንዳም ከፓርክ ገቢ ለአጎራባች ነዋሪ የምትሰጠውን ድርሻ በ2017 እ.ኤ.አ. ከ5 ወደ 10 በመቶ አሳድጋለች።

ጠያቂ፦
ገንዘብ ያዡን ማን ይቆጣጠረው? በየጊዜው ሐሜት ነው።

መልስ 3፦
ሐሜት የሚቆመው በወረቀት ነው። ደረሰኙ ተራ ቁጥር ያለው፣ ባለ ሦስት ቅጠል ይሁን፦ አንዱ ለጎብኚው፣ አንዱ ለሒሳብ መዝገብ፤ ሦስተኛው ከጥራዙ አይነቀል። የተበላሸው እንኳ ተሰርዞ እዚያው ይቆይ። የበሩ ዘበኛ የገባውን ሰው ለብቻው ይመዝግብ። ማታ 23 ሰው ገብቶ የተቆረጠው ለ19 ከሆነ፣ የ4ቱ በማግስቱ ይጠየቃል፤ ወር ካለፈ ማንም አያስታውስም። ባንክ ሦስት ፈራሚ ይኑር፣ ሁለቱ ሳይፈርሙ ገንዘብ አይውጣ። ባልና ሚስት ወይም ወንድማማች አብረው ፈራሚ አይሁኑ፤ ቀላል ይመስላል፣ ግን በብዛት የሚዘለለው ይኸው ነው።

መልስ 1፦
መንገዱንም አትርሱ። በተመረጡ ቦታዎች ግራና ቀኝ ችካል ትከሉና የመንገዱን ስፋት በየሦስት ወሩ ለኩ። ሰው ጭቃ ሲሸሽ ሣሩን እየረገጠ ያሰፋዋል፤ ከዚያ ጎርፍ ቦይ ያደርገዋል። ሲሰፋ ውኃውን ወደ ጎን የሚያወጣ አግዳሚ ግንድ ቅበሩ፤ ካልበቃ በዝናብ ወራት ያንን ክፍል ዝጉ። በአንድ ጊዜ የሚገባው ሰውም ገደብ ይኑረው፤ የተራራ ጎሪላ ለማየት በአንድ ቡድን 8 ሰው፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቀደው።

መልስ 2፦
መጠባበቂያው ስንት ይሁን ለምትሉ፦ ቢያንስ የስድስት ወር የዘበኛ ደመወዝ። በ2020 እ.ኤ.አ. የኮሮና ወረርሽኝ ጉዞ ሲዘጋ እንደታየው፣ ጎብኚ በአንድ ሳምንት ሊጠፋ ይችላል፤ ዘበኛው ካልተከፈለው ደግሞ በሩ ክፍት ነው።